ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት፦ ፀጉር የሚያተርፈው የትኛው አሠራር ነው?

ፀጉሬ አያድግም እል ነበር። ዓመታት እንደዚያ አልኩ። ትከሻዬ ጋ ይደርስና ቀጥ ይላል። ቅቤ ብቀባ፣ እንቁላል ብለጥፍበት፣ ሰው የነገረኝን ቅባት ሁሉ ብሞክር ያው ነው። አንድ ቀን ሹሩባዬን እየፈታሁ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግማሹ ከጣቴ አይረዝምም። ያኔ ነው የገባኝ። ፀጉሬማ ያድጋል። ግን ያደገውን ያህል ከጫፉ ይሰበራል።

የሰው ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በዓመት ወደ 12 ይጠጋል ማለት ነው። ሹሩባ ይህን ቁጥር አይጨምረውም። ዊግም አይጨምረውም። ከ12ቱ 10ሩ ከተሰበረ ያተረፋችሁት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ከ12ቱ 3 ብቻ ከተሰበረ ደግሞ 9 ይቀራችኋል። የአሠራር ምርጫ ሙሉ ጥቅሙ እዚህ ልዩነት ላይ ነው ያለው።

እንደኛ ጥቅልል ፀጉር ላለው ሰው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ሉጫ ፀጉር ላይ ተንሸራቶ ጫፉ ጋ ይደርሳል። እኛ ላይ ግን እያንዳንዷ መጠምዘዣ ታስቀረዋለች። ስለዚህ ጫፋችን ይደርቃል። ጫፍ ደግሞ የፀጉራችን አሮጌው ክፍል ነው፤ ስንት ዓመት ታጥቧል፣ ተበጥሯል፣ ከጋቢ ጋር ተፋትጓል። ፀጉር የሚጠብቅ አሠራር የምንለው እንግዲህ ይህን ጫፍ ከማበጠሪያ፣ ከንፋስና ከመታሸት የሚሰውር ነው። ይህንንም ሥሩን ሳይጎዳ ማድረግ አለበት። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። እህቴ ሸዋ ሮቢት ናት። መካከላችን ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። እኔ ጋ ቅቤ አናት ላይ ይረጋል። እሷ ጋ ቀልጦ በማጅራት ይወርዳል። ከአንድ እናት ወጥተን፣ አንድ ዓይነት ፀጉር ይዘን፣ ለእኔ የተስማማኝ ለእሷ አልተስማማትም። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ሲሉኝ መጀመሪያ የት ነው የምትኖሪው እላለሁ።

ከሁሉ በፊት የግንባር ዳር

ስለ ዓይነቶቹ ከማውራቴ በፊት ይህን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሰርግ ሹሩባ ልሠራ ሄድኩ። ሠሪዋ እጃቸው ፈጣን ነው፣ መስመራቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያውን መስመር እንደጀመሩ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«እትዬ፣ ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ቻይው እንጂ ልጄ! ከላላ ሳምንት አይከርምም።»

ቻልኩት። ማታ ትራስ ላይ ጭንቅላቴን ማስቀመጥ አቃተኝ። በማግሥቱ የግንባሬ ዳር ላይ፣ እያንዳንዱ ሥር ጋ፣ ትንንሽ ነጫጭ ብጉር ወጣ። ማስታገሻ ዋጥኩ እንጂ አልፈታሁትም። ሰርግ ነዋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስፈታው ከጆሮዬ በላይ የነበረው ስስ ፀጉር ከሹሩባው ጋር ተነቅሎ መጣ። ቦታው እስኪሞላ ስምንት ወር ፈጀ። ሊያጌጡ ይመላለጡ የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ይህ ነገር በሕክምና ስም አለው። ትራክሽን አሎፔሺያ ይባላል፤ ፀጉር ለረጅም ጊዜ እየተሳበ ሲኖር የሚመጣ መመለጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ከተደረሰበትና መሳቡ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ቦታው ጭልጥ ብሎ ይቀራል። ግንባራቸው የሸሸ ትልልቅ ሴቶችን ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ላይ ዕድሜ ብቻ አይደለም ያሸሸው።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሳላችሁ ቅንድባችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ካመማችሁ ጠብቋል። የመስመሩ መነሻ ላይ ቆዳው ወደ ላይ ተወጥሮ እንደ ድንኳን ከቆመ ጠብቋል። ሹሩባ ተሠርቶ ራስ ምታት መድኃኒት መዋጥ የተለመደ ይሁን እንጂ ልክ አይደለም። አሳምሮ የሠራን እጅ «ይቅርታ፣ ይፈታልኝ» ማለት ያሳፍራል። አውቃለሁ። ግን በሉ። ብጉር ከወጣ በዚያው ቀን ቢያንስ የፊቶቹን መስመሮች ፍቱ። ቦታው እየሳሳ ከሄደ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በራስ ፀጉር ብቻ የሚሠራ ሹሩባ

ለብዙ ሰው መነሻው ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ምንም ቅጥያ የለውም። ክብደቱ የራሳችሁ ፀጉር ክብደት ነው። ራስ ቆዳው ይታያል፣ ስለዚህ ማጠብም ማድረቅም ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ሳታዩ ሳምንት ትሰነብታላችሁ፣ ወፍራም ነገር አናት ላይ ከተሸከማችሁ አይደርቅላችሁም።

ጉድለቱ ቶሎ መላላቱ ነው። በ10 ቀን፣ ቢበዛ በ2 ሳምንት ሥሩ ይነሣል። አንዳንዱ ሰው እንዲቆይለት ብሎ ቀጭን ቀጭን ያሠራዋል። እኔ አልመክርም። ቀጭን መስመር ማለት ጥቂት ፀጉር ብዙ ጭነት ይሸከማል ማለት ነው። ስትፈቱትም ያንን ሁሉ ቀጭን ጉንጉን መፍታት አለ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት መስመር ይበቃል። የፊት ዳሩን ስስ ፀጉር አታስይዙ፤ ውጭ ይቅር። ፎቶ ላይ ትንሽ የተበታተነ ይመስላል፣ ይምሰል።

አቅጣጫውንም ለዋውጡ። ዛሬ ወደ ኋላ የተሠራ በሚቀጥለው ወደ ጎን ይሁን። ያው ሥር ሁልጊዜ ወደዚያው ከተሳበ ይደክማል።

በቅጥያ የሚሠራው

አንዱ ራስታ፣ ሌላው ቦክስ ብሬድ የሚለው፣ አንድ አንዱን ተለያይቶ በአርቲፊሻል ፀጉር የሚጎነጎነው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማበጠሪያ አትነኩም። ጫፋችሁ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። ተማሪ፣ ነርስ፣ ማለዳ ተነሥታ የምትሮጥ ሴት ለምን እንደምትወደው ይገባኛል። እኔም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እሠራዋለሁ።

ክብደቱ ግን ቀልድ አይደለም። ወገብ ድረስ የሚወርድ ቅጥያ ደረቅ ሳለ አይታወቃችሁም። እጠቡትና ቀና በሉ፤ አንገታችሁ ወደ ኋላ ይጎተታል። ያ ሁሉ ጭነት የተንጠለጠለው በፀጉራችሁ ሥር ላይ ነው። ከደረት በላይ ቢቀር ይሻላል። መጠኑም መካከለኛ ይሁን። ቀጭን ጉንጉን ላይ ወፍራም ቅጥያ ከተንጠለጠለ መጨረሻው ያው የእኔ ግንባር ነው። በተሠራችሁ ሳምንት ደግሞ ሰብስባችሁ አናት ላይ አትቋጥሩት።

ሌላው ማሳከክ ነው። አርቲፊሻሉ ፀጉር ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ነገር አለው፣ የብዙ ሰው ቆዳ አይችለውም። ከመሠራታችሁ በፊት በነበረው ቀን ውሃ ውስጥ ትንሽ አቼቶ ጨምራችሁ ዘፍዝፉት። ነጭ ነገር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ አለቅልቁና አስጡት። ለዚህ አንድ ማታ ማውጣት ሦስት ሳምንት ከማከክ ይሻላል።

6 ሳምንት ካለፈ ፍቱት። ከ8 በላይ አይሂድ። «ገና ያምራል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ፀጉር በልቷል። አዲስ ያደገው ፀጉር ሥሩ ላይ ሲጨምር ጉንጉኑ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ በየሥሩ አቧራና ቅባት ይቋጠራል። ያ ቋጠሮ ነው በኋላ ፀጉር የሚነቅለው።

ለእህቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ አሠራር አልሆነላትም። ላቡ ሥሩ ላይ እየደረቀ ያሳክካታል። የቅጥያው ብዛት ሙቀቱን አናቷ ላይ ያፍነዋል። አሁን የምትሠራው በራሷ ፀጉር ነው፣ በየሳምንቱ ታጥባ ትሠራዋለች። እዚያ ውሃው ቶሎ ይደርቃል፣ ደጅ ወጥታ ቡናዋን እስክትጠጣ አለቀ።

ትዊስት

ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ፀጉሩን ለሁለት ከፍሎ እርስ በርስ መጠምዘዝ ብቻ ነው። እንደ ሹሩባ ሥሩን ይዞ አይጎትትም። እቤት ተቀምጣችሁ፣ መስታወት ሳያስፈልግ፣ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ሲፈታ ደግሞ አይታገልም፤ ጫፉን ይዛችሁ ስታዞሩት ራሱ ይላቀቃል።

ሳምንት፣ ቢበዛ 2 ሳምንት ይቆያል። እርጥበት ሲነካው ተሰብስቦ ያጥራል፤ ትከሻ የነበረው ጆሮ ጋ ይቀራል። ይህ ያላስደሰተው ሰው ጫፍ ጫፉን በጨርቅ አስሮ ማደር ይችላል። ግንባሯ ለሳሳ ሴት ይህን እመክራለሁ። ከወሊድ በኋላ ፀጉሯ ለሚረግፍም እንዲሁ። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ሥሩን የሚጎትት ነገር አይታሰብም።

ዊግ፣ ስፌትና ድሬድ

ዊግ ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ቆብ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ጆሮ ያሞቃል። ከሥሩ ላላ ያለ ሹሩባ ሠርታችሁ የምታጠልቁት ከሆነና ማታ ማታ የምታወልቁት ከሆነ ጥሩ ጠባቂ ነው። በሙጫ የሚለጠፈውን ግን ተዉት። ሙጫው ሲላቀቅ የግንባር ዳሩን ይዞ ይሄዳል። ከውስጡ ባሉት ትንንሽ ቆልማማ ማበጠሪያዎች የሚያዘውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከነከሰ ያንኑ ቦታ ያሳሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቀን ሙሉ ዊግ አድርጎ መዋል ግን ራስን መቅጣት ነው።

ስፌት፣ ማለትም ቅጥያው ከሥር በተሠራ ሹሩባ ላይ በመርፌና በክር የሚሰፋበት፣ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሥር ያለው ሹሩባ ጠበቅ ካላለ አይይዝም፣ ከላይ ክብደት አለው፣ ራስ ቆዳችሁንም ማየት አትችሉም። ለአንድ ዝግጅት ይሆናል። ርዝመት ለማትረፍ ብላችሁ ግን አትግቡበት።

ድሬድ ርዝመት በማስቀረት ከሁሉ ይበልጣል። አይፈታም፣ አይበጠርም። የረገፈው ፀጉር እንኳ ውስጡ ተይዞ ይቀራል። ግን እንደ ልብስ የሚቀያየር አይደለም፣ የዓመታት ውሳኔ ነው። ሥሩን በየሳምንቱ እያጠበቁ ማጠማዘዝ ያሳሳዋል፤ በወር አንዴ ይበቃል። ደጋ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት ታጠቡ። ወፍራም ድሬድ ውስጡ ሳይደርቅ ከተኛችሁበት የጓዳ ሽታ ይይዛል፣ ያ ሽታ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

በካውያ ወይም በፔስትራ አቃጥሎ ማስረዘም ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። ረዝሞ ይታያል እንጂ አይጠብቅም። ሪላክሰር የተቀባችሁ ከሆነ ቢያንስ 2 ሳምንት ሳይሞላ ሹሩባ አትሠሩ። ኬሚካል ያላላው ፀጉር ላይ ጠበቅ ያለ ጉንጉን ሲጨመር ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ቅቤ እና ሻሽ

ቅቤን የምትተቹ እህቶች አላችሁ፣ እኔ አልተችም። ግን ቅቤ ፀጉርን አያርስም። ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ነው የሚዘጋው። ደረቅ ፀጉር ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ነው የሚዘጋበት። መጀመሪያ ፀጉሩን በውሃ አርጥቡት። ከዚያ ለጋ ቅቤ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ እስኪቀልጥ እሹት፣ ከመካከል ወደ ጫፍ ውሰዱት። ራስ ቆዳ ላይ አታብዙት። ፎሮፎር ያለበት ሰው ቆዳው ላይ ጨርሶ አይቀባ፣ ፎሮፎር የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይወዳል። ሁለት ሦስት ሰዓት አቆይታችሁ ታጠቡ። ቅቤ ቀብቶ በላዩ ለስድስት ሳምንት ቅጥያ መሠራት ግን አቧራ መጥራት ነው።

ሹሩባ ተሠርታችሁ መታጠብ ይቻላል፤ በየ2 ሳምንቱ ታጠቡ። ሻምፖውን በውሃ አቅጥናችሁ ጫፏ ቀጭን የሆነ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩት፣ በየመስመሩ መካከል አፍስሱ፣ በጣት ጫፍ እሹ፣ አለቅልቁ። ፎጣ ፋንታ አሮጌ ካናቴራ ተጠቀሙ። እርጥብ ሹሩባ ይዞ መተኛት በደጋ አገር የለም።

ማታ የሳቲን ሻሽ እሰሩ። የጥጥ ትራስ ጨርቅ ቅባቱን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም ይፈትጋል። ለደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ቀንም ያስፈልጋል። የሱፍ ኮፍያ ወይም ጋቢ ከመከናነባችሁ በፊት ከሥር ሳቲኑን እሰሩ። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር፣ ከሁሉ አጭር የነበረው፣ ሌላውን ደረሰበት።

ሲፈታ

ብዙ ፀጉር የሚሰበረው ተሠርቶ ሳለ አይደለም፣ ሲፈታ ነው። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ሳዱላ እንደነበሩ ይነግሩን ነበር፤ አናታቸው ተላጭቶ ዙሪያው ብቻ ቀርቶ። እሳቸው ሹሩባ ሲፈቱ ረፋድ ላይ ደጃፍ ይቀመጣሉ። ፀሐዩን ለጀርባቸው ይሰጣሉ። ጣታቸውን ቅቤ እያስነኩ ከጫፍ ይጀምራሉ። የተቋጠረ ሲያገኙ በወስፌ ጫፍ ቀስ አድርገው ይለያዩታል እንጂ አይስቡም። አንዷን ጉንጉን ለመፍታት የሚወስድባቸው ጊዜ እኔን ያናድደኝ ነበር። አሁን እኔም እንደሳቸው ነኝ።

ግማሽ ቀን መድቡለት። ቅጥያውን ስትቆርጡ የራሳችሁ ጫፍ የት እንዳለ ዳሱ። ሥሩ ላይ ያለውን ቋጠሮ በዘይት ወይም በኮንዲሽነር አርሱና በጣት አላቁት። ጥርሱ ሰፊ የሆነ ሚዶ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ከጫፍ ወደ ሥር። ሳትፈቱት፣ ቋጠሮው እንዳለ ውሃ ውስጥ አትግቡ። እንደ ሱፍ ይጠብቃል።

ብዙ ፀጉር ሲወጣ አትደንግጡ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ለ6 ሳምንት ተይዞ የቆየ ከሆነ ከ2,100 እስከ 4,200 ፀጉር በአንድ ቀን ይወጣል ማለት ነው፤ እፍኝ ይሞላል። ማየት ያለባችሁ ጫፉን ነው። አንዷን ፀጉር አንሥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙ። አንዱ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የቁንጫ እንቁላል የምታህል ፍሬ ካለች በተፈጥሮ የረገፈች ናት። ፍሬ የሌላት አጭር ፀጉር ተሰብራለች። አጫጭሩ ከበዛ ያ አሠራር ለእናንተ አልሆነም፣ ቀይሩ።

ከዚያ ወዲያው ሌላ አትሠሩ። ቢያንስ ሳምንት ፀጉሩ ይረፍ። የጥምቀት ሰሞን ይህን ማለት ከባድ ነው፣ ወረፋው ይታወቃል። ለጥር 11 የምትሠሩ ከሆነ የቀደመውን በታኅሣሥ መጨረሻ ፍቱት።

ለትንንሽ ልጆች

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው በዓል ጨሌ የተንጠለጠለበት ቅጥያ ይሠራልኝ ብላ አለቀሰች። የልጅ ፀጉር ስስ ነው፣ ሥሩም ለጋ። አራት ወፋፍራም ጉንጉን በራሷ ፀጉር ሠራንላት፣ ጫፍ ጫፉ ላይ በላስቲክ ፋንታ ቀይ ጥብጣብ አሰርን። ጨሌውን አንገቷ ላይ አደረግንላት። ማታ ሳትታገለን ተፈታ።

እኔ አሁን አናቴ ላይ ያለው ትዊስት ነው፣ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። ማጅራቴ ላይ ካለው ፀጉር አንዱን ቀጥ አድርጌ በክር እለካዋለሁ፣ በየሦስት ወሩ፣ ክሩን ቁምሳጥኑ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። አራት ክር ተሰቅሏል። በመጀመሪያውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት 7 ሴንቲ ሜትር ነው። እሑድ ፀሐይ ከወጣ እፈታዋለሁ፤ ካልወጣ ሰኞን እጠብቃለሁ።